እጩን የሚያጣራው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የደሴ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው በጽዋ ማኅበራችን ላይ አንድ ወንድማችን፣ «በኢራን የሃይማኖት ሊቃውንት እየገዙ ሕዝቡም ይመርጣል፤ እኛም አገር እጩዎችን አባቶቻችን ቢያጣሩልን ክፉ ሰው ባልተሾመ ነበር» አለ። ሐዋርያትም ዲያቆናትን ሲያስመርጡ መለኪያ አውጥተዋል ብሎ ጠቀሰ። በዚያ አገር ምርጫው እንዴት ይካሄዳል? እንዲህ ያለውን ሥርዓት ብንመኝስ ያስነቅፋልን? ደግሞስ ሙስሊም እጩ መምረጥ ንስሐ የሚያስገባ ኃጢአት ነውን?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሜ ሆይ፣ የማኅበርተኛህ ምኞት ከክፋት እንዳልመጣ ይገባኛል፤ ጉቦ የሚበላ ሹም ያስመረረው ሰው ዓይኑን ወደ አባቶች ቢያነሣ አይደንቅም። ይሁን እንጂ የተመኘውን ነገር አሠራር አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ኢራን እ.ኤ.አ. በ1979 ንጉሡ ከወደቀ በኋላ እስላማዊ ሪፐብሊክ ሆናለች። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ፕሬዚዳንቱንና 290 መቀመጫ ያለውን ፓርላማ በየ4 ዓመቱ ይመርጣል፤ ብርቱ ፉክክር የሚታይበት ጊዜም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ፕሬዚዳንቱ የተለየው በሁለተኛ ዙር ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት እጩዎቹ ሁሉ 12 አባላት ባሉት የጠባቂዎች ምክር ቤት ወንፊት ይነፋሉ። ከእነዚህ ስድስቱን የሃይማኖት ሕግ ሊቃውንት ከፕሬዚዳንቱም በላይ ሥልጣን ያለው የሃይማኖት ሊቅ፣ ጠቅላይ መሪው፣ ራሱ ይሾማቸዋል፤ የቀሩትን ስድስት የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ በጠቅላይ መሪው የተሾመው የፍርድ ቤቶች የበላይ ኃላፊ ያቀርባቸውና ፓርላማው ይመርጣቸዋል። ጠቅላይ መሪውን የሚመርጠው 88 አባላት ያሉት፣ ሕዝቡ በየ8 ዓመቱ የሚመርጠው የሊቃውንት ጉባኤ ነው፤ ለዚህ ጉባኤ የሚወዳደሩትን የሚያጣራው ግን ያው የጠባቂዎች ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ መሪው አጣሪዎቹን ይሾማል፣ አጣሪዎቹም የመሪውን መራጮች ያጣራሉ፤ ክሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት እጅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለፕሬዚዳንትነት ከተመዘገቡት 592 ሰዎች ያለፉት 7 ብቻ ነበሩ፤ መምረጥ ከሚችለውም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይወጣ ቀረ።

በአምልኮ አንድ የሆንን እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የአርመን ምእመናን በዚያ አገር ይኖራሉ። በፓርላማው ሁለት መቀመጫ ተለይቶላቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ፕሬዚዳንቱ የአገሪቱን ይፋዊ ሃይማኖት፣ ማለትም ከእስልምና ሁለት ታላላቅ ክፍሎች (ሱኒና ሺዓ) የሺዓን እምነት የሚከተል እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ ስለሚያዝዝ አርመናዊው ለዚህ ወንበር አይታጭም። ሱኒ ሙስሊምም አይታጭም። የወሎ ሙስሊም ጎረቤቶችህ ሱኒ ናቸውና፣ ያ ሥርዓት ለእነርሱም በሩን የሚዘጋ መሆኑን አስተውል፤ የእስልምና ሁሉ መልክ አድርገህ እንዳትከራከርበትም እለምንሃለሁ። ከሺዓ ሊቃውንት መካከል እንኳ ሊቃውንት መንግሥቱን በቀጥታ መያዛቸውን የማይደግፉ አሉ።

ወደ ሐዋርያት እንመለስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ መለኪያው በሁሉ ፊት ተነገረ፦ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች። ሰዎቹን መርጦ ያቀረበው ግን ሕዝቡ ነው፤ ሐዋርያት ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። የዚህን ጥላ በሰበካ ጉባኤ ምርጫ አይቻለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በዐውደ ምሕረቱ ላይ ተሰብስበው ሳለ የአንድ ሰው ስም ተጠራ፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ «የዕድራችንን ገንዘብ ሲይዝ አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም፤ እኔ እመሰክርለታለሁ» አሉ። ካህናቱ ዝም ብለው አዳመጡ። «የተመሰከረላቸው» የሚለው ቃል ሥጋ ለብሶ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ደግሞም ሐዋርያት ያስመረጡት ለማዕድ አገልግሎት ነበር፤ ሰይፍም ወኅኒ ቤትም በእጃቸው አልነበረም።

ለእኛ ለወሎ ሰዎች ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከደሴ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖቱን ክርክር ከቋጩ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ብዙዎች ግን ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ፤ ያመፁም ነበሩ። ንጉሡ ለሃይማኖታቸው የነበራቸውን ቅንዓት አከብራለሁ። በትእዛዝ የመጣ ጥምቀት ግን ልብን እንዳላቀና አያቶቻችን በዓይናቸው አይተዋል፤ ይህን እየተናገርሁ ልቤ ያዝናል፤ ጥምቀትን ያህል ጸጋ ሰው ከፍርሃት ጋር እንዲያስበው ሆኗልና።

ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት በአንድ በር ሲገቡ የሚጎዳው ሌላው ወገን ብቻ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥቱ ሃይማኖት አድርጎ ነበር፤ ዘውዱ ሲወድቅ ደርግ በዚያው በር ገብቶ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ በኋላም ገደላቸው። የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ስለዚህ አባቶች እጩ እንዲያጣሩ አትመኝ፤ ሕዝቡ ሰውን የሚመዝንበትን ሚዛን እንዲያስተምሩ ግን ጠይቃቸው።

ሙስሊም እጩ መምረጥህ ኃጢአት አይደለም። በዘጸአት ምዕራፍ 18 እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ የሚጠሉ ሰዎችን እንዲመርጥ ሙሴን የመከረው ዮቶር ራሱ የምድያም ካህን እንጂ ከእስራኤል ወገን አልነበረም፤ ሙሴም ምክሩን ሰማ። የምትመርጠው ሰው ውኃህን፣ መንገድህንና ፍርድህን የሚጠብቅልህ እንጂ የሚያቆርብህ አይደለም። ለነፍስ አባትህ የምትናገረው ግን ሌላ ነገር አለ፦ ድምፅህን በገንዘብ ለውጠህ እንደ ሆነ፣ የእጩውን ስም በሐሰት አጥፍተህ እንደ ሆነ፣ ወይም ሃይማኖቱ የእኔ ነው ብለህ ሌባ መሆኑን የምታውቀውን ሰው መርጠህ የታመነውን ትተህ እንደ ሆነ፣ ይህን ሳትደብቅ ንገራቸው።