መንጋጋ ሲራዘም አጥንቱ ቢያጋድልስ? ጥያቄና መልስ

ጥርስ ተነቅሎ አጥንቱ ሲሟሽሽ፣ ኢምፕላንት (ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ከመተከሉ በፊት አጥንቱ ተቆርጦ በየቀኑ በሚዞር ማራዘሚያ ብሎን ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል። ስለዚህ ሕክምና የከተማው ዳር ነዋሪዎች የጠየቁትን የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም መልሰዋል።

ከለገጣፎ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ ታችኛው መንጋጋው ላይ ማራዘሚያ ተገጥሞለታል። አጥንቱ ግን ወደ ምላሱ እያጋደለ ነው። ማዞሩን ያቁም?

ዶክተር፦ በራሱ አያቁም፤ ወደ ኋላም አይመልስ። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይደውል። ማጋደል የተለመደ ችግር ነው። የተቆረጠው አጥንት ደም የሚያገኘው በምላስ በኩል ካለው ድድ ስለሆነ ያንን አናላቅቅም። እኛ ወደ ላይ ስንገፋ ድዱና የአፍ ወለል ጡንቻዎች ወደ ውስጥ ይስቡታል። ላይኛው መንጋጋ ላይ ደግሞ የላንቃው ድድ ወፍራም ነው፣ እንደ ልብ አይለጠጥም። ደግነቱ ክፍተቱን የሚሞላው አዲስ አጥንት ገና እርጥብ ጭቃ ነው፤ ይቀረጻል። በብሬስ፣ በሽቦና በላስቲክ ወደ ከንፈር እንመልሰዋለን። ተመልሶ ስለሚያፈገፍግ ትንሽ አሳልፈን ነው የምንስበው። ከጠነከረ ግን ዳግም መቁረጥ ሊመጣ ይችላል። እባካችሁ በገዛ እጃችሁ አትነካኩት!

ከሰበታ፦ ዋጋው ስንት ነው?

ዶክተር፦ የሚሠራልዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

ከቡራዩ፦ የጠዋቱንና የማታውን በአንዴ ባዞረውስ?

ዶክተር፦ አይሆንም። የተለመደው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ። ከፈጠነ አጥንቱ አይሞላም፤ ከዘገየ ሳይደርስ ይገጥማል። የሶቪየቱ የአጥንት ሐኪም ኢሊዛሮቭ ኩርጋን በምትባል የሩሲያ ከተማ ውስጥ በእግር አጥንት ያሳየው ይህንኑ ነው። የታዘዘልዎትን አይለውጡ።

ከሱሉልታ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ለእህቴ ከዳሌዋ አጥንት ወስደው ነው የሠሩላት።

ከገላን፦ የዳሌውን ሕመም አትርሺዋ! አባቴን ከአፉ ይልቅ ያስቸገረው እሱ ነው።

ከሱሉልታ፦ ቢያምም በቀን ሁለቴ ብሎን ከማዞር ይሻላል።

ዶክተር፦ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት። ማራዘም ድዱንም አብሮ ያሳድጋል። የጎደለው ውፍረት ብቻ ከሆነ ግን ወደ ላይ መሳብ አያሰፋውም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ማጋደሉን በምን እናውቃለን?

ዶክተር፦ የብሎኑ ዘንግ ከዘመመ፣ ምላስን ከነካ ወይም ከላይኛው ጥርስ ጋር ከተጋጨ። ደግሞም ቀጠሮ አትዝለሉ። ከዳር እስከ መሀል ከተማ ታክሲው እንደሚያንገላታችሁ አውቃለሁ። ማዞሩ ግን የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው፤ የሚታረመውም ያኔ ነው።

ከአያት፦ የእኔም አጋድሏል፤ ምን ላድርግ?

ዶክተር፦ ከላይ መልሻለሁ እኮ! ማዞር ካቆሙ ስንት ጊዜዎ ነው? እሱን ሳይነግሩኝ ምን ልበል?

ከአያት፦ ይቅርታ ዶክተር። አራት ወር አልፎኛል።

ዶክተር፦ እንግዲያው ጠንክሯል፤ ላስቲክ አይመልሰውም። ሲቲ ስካን ይነሱና ሐኪምዎ ይየው። ማጋደሉ ትንሽ ከሆነ የኢምፕላንቱን አቅጣጫ በማስተካከል ሊካካስ ይችላል። ብዙ ከሆነ ቀዶ ጥገና ነው። በእጅዎ ግን እንዳይነኩት።