«እሺ» ስትል ምን ፈቀድክ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሰሜን ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰው አድርሼ ስመለስ አንድ የፖሊስ መኪና ሦስት መብራት ያህል ከኋላዬ ተከተለኝና አስቆመኝ። ረድፍ ስትቀይር ፍሬቻ አላሳየህም አለኝ። ይሁን። ወረቀቴን ካየ በኋላ ግን ከየት ነህ፣ ገንዘብ ይዘሃል ወይ ይለኝ ጀመር። ስፖኪዮው ላይ ያንጠለጠልኳትን የእናቴን መቁጠሪያም ደጋግሞ አያት። ትራንክህን ልይ ሲለኝ እሺ አልኩት። የልጄን ጫማና ጎማ መፍቻ ነው ያገኘው። ግማሽ ሰዓት አቁሞኝ ቅጣት እንኳ ሳይጽፍ ሂድ አለኝ። ጥቁር ባልሆን ኖሮ ይህ ይደርስብኝ ነበር? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚያናድደውን አስቀድሜ ልንገርህ። የፌደራል ሕግ ፖሊሱ በልቡ ምን ይዞ እንዳስቆመህ አይመረምርም። ይህ የተወሰነው በ1996 ሬን በሚባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ነገሩ የተነሳው እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ሁለት ጥቁር ወጣቶች ያሉበት መኪና የማቆሚያ ምልክት ጋ ከ20 ሰከንድ በላይ ቆሞ አዩና ጠረጠሩ፤ ከዚያ ያለ ፍሬቻ ታጠፈ ብለው አስቆሙት፣ ዕፅም አገኙ። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ የትራፊክ ጥፋቱ እስካለ ድረስ ማስቆሙ ሕጋዊ ነው አሉ። በቀለሜ ነው ያስቆመኝ የሚል ሰው በእኩልነት መብት ይክሰስ ተባለ። እዚያ ደግሞ ሆን ተብሎ መደረጉን ማስረዳት አለብህ፣ ሌሊት ብቻውን የቆመ ሹፌር ግን በእጁ ምን ማስረጃ አለው? እኔ ይህ ፍርድ ልክ ነው ብዬ አላምንም። አንዲት ጥፋት ሳይገኝበት ከተማ አቋርጦ ቤቱ የሚገባ ሹፌር የለም፤ ስለዚህ ማንን ላስቁም የሚለው ምርጫ ለፖሊሱ ተተወ ማለት ነው።

ግማሽ ሰዓቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2015 ይኸው ፍርድ ቤት ሮድሪጌዝ በሚባል ጉዳይ፣ ለቅጣቱ ሥራ ከሚበቃው ጊዜ በላይ ያለ በቂ ጥርጣሬ ማቆየት አይቻልም ብሏል። እዚያ ያከራከረው መኪናውን በውሻ ለማስነፍነፍ የተጨመረ ሰባት ስምንት ደቂቃ ነበር።

አንተን የጎዳህ «እሺ» ማለትህ ነው። እኛ ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው እሺ የምንለው ሰምቻለሁ፣ አክብሬሃለሁ ለማለት ነው። እነሱ ዘንድ ግን ፈቃድ ነው፣ ፈትሽ ማለት ነው። እምቢ ማለት እንደምትችል ደግሞ ፖሊሱ የመንገር ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ይህችን አረፍተ ነገር አፍህ እስኪለምዳት ደጋግማት፦ «አይ ዶንት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች።» ለፍተሻ አልፈቅድም ማለት ነው። እጅህ መሪው ላይ፣ ድምፅህ ዝቅ ብሎ። ከፈተሸም በእጅህ አትከልክል፣ ቃልህ ብቻ ይመዝገብ። መንጃ ፍቃድና የመኪናውን ወረቀት ስጥ፣ ውረድ ካለህ ውረድ፤ ከየት እንደመጣህና ስለ ገንዘብህ ግን የመመለስ ግዴታ የለብህም።

ስለ መቁጠሪያዋ አትስጋ። ቨርጂኒያ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ስፖኪዮ ላይ በተንጠለጠለ ነገር ወይም በጠቆረ መስታወት ብቻ ፖሊስ መኪና ማስቆም አይችልም። ካስቆመም የተገኘው ነገር ማስረጃ አይሆንም፣ አንተ ፈትሽ ብትለው እንኳ። እንዲህ ዓይነት ሕግ ነው በየቦታው የሚያስፈልገን። ፍሬቻ ግን እዚያ ውስጥ የለም፤ ሕጉም ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ አይከተልህም።

ሌላም ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከ2020 ወዲህ የቨርጂኒያ ፖሊስ ባስቆመ ቁጥር የሹፌሩን ዘር፣ ያስቆመበትን ምክንያትና መፈተሽ አለመፈተሹን መመዝገብ አለበት። ስለዚህ የዚያ ሌሊት ነገር ተጽፎ መገኘት አለበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ ካየኸው የፖሊሱን የደረት ቁጥር ዛሬውኑ ጻፍና ለመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ አስገባ፣ የመኪናና የደረት ካሜራ ቅጂም ሳይጠፋ እንዲቀመጥልህ በጽሑፍ ጠይቅ።