ሬዲዮ ሰው ያስገድላል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የፀጉር ማስተካከያ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛዬ «ሩዋንዳን ያስፈጀው ሬዲዮ ነው» ሲል ሌላው «የገደለው ገጀራ ነው» ብሎ ሳቀበት። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሳቁት ደንበኛዎ ቸኩለዋል። እርግጥ ነው፣ በ1994ቱ ጭፍጨፋ ቱትሲዎችን የፈጀውን ሚሊሻ ያደራጁትና ያስታጠቁት የጦርና የፖለቲካ ሰዎች ናቸው። ሬዲዮው ግን ማን፣ የት እንዳለ ይነግራቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሥርጭት የጀመረው አርቲኤልኤም የተባለው የሩዋንዳ ሬዲዮ ጣቢያ ወጣቱን የማረከው በንግግር ብዛት አይደለም። የኮንጎ ሙዚቃ ያሰማል፣ ይቀልዳል፣ ከአድማጭ ጋር ይጫወታል፤ እንደ እርስዎ ባለ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚከፈት ዓይነት ጣቢያ ነበር። ቱትሲዎችን «በረሮ» ብሎ መጥራትም በዚያ ጨዋታ መሃል ለጆሮ ተለመደ። በኤፕሪል 1994 የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ ከወደቀ በኋላ የሚታደኑ ሰዎችን ስምና የተደበቁበትን ቦታ፣ የመኪናቸውን የሰሌዳ ቁጥር ጭምር በአየር ላይ ያነብ ነበር። ሰሌዳ ቁጥር! ኬላ ላይ የቆመ ገዳይ ሌላ ምን ይፈልጋል?

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ከመሥራቾቹ አንዱ ፈርዲናንድ ናሂማና የታሪክ ምሁር መሆኑ ነው። አሩሻ ያስቻለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 ዕድሜ ልክ ፈረደበት። በ2007 በይግባኝ ወደ 30 ዓመት ዝቅ ቢልለትም፣ ጣቢያው ከኤፕሪል 6 በኋላ ላስተላለፈው የዘር ማጥፋት ቅስቀሳ ተጠያቂነቱ ጸንቷል። ገጀራ ጨብጧል ተብሎ አይደለም የተፈረደበት። ከጣቢያው ጋዜጠኞች አንዱ የነበረው ቤልጅየማዊው ጆርጅ ሩጂዩም ጥፋቱን አምኖ 12 ዓመት ተፈርዶበታል።