ምስክር የሌለው ግዳይ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና ልጠጣ ወጥቼ አንድ ወጣት አገኘኝ። የጓደኛዬ ልጅ ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ሆቴል እየሠራ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ደርሷል። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና "ዶክተር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት" አለኝ። የወተት ላም ወይም የውሻ ክትባት ነገር መስሎኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚያማክረኝ ስለዚያ ነው።

"ለእንግዳ መቀበያው ነብር ፈልጌ ነበር" አለ።

"የምን ነብር?"

"የደረቀ። ቆዳው ተሞልቶ፣ ዓይኑ መስታወት ሆኖ፣ ቆሞ የሚታይ። እሱ ካልተገኘ የዋሊያ ጭንቅላት። እንግዳ ገና ከበሩ ሲገባ አፉን ይዞ እንዲቀር።"

"ተው ልጄ" አልኩት። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። እሱም አክብሮኝ ዝም አለ፣ የቡናዬንም ከፍሎ ሄደ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "ተው" ብሎ ነገር መልስ ነው እንዴ? ልጁ ክፉ አላሰበም። ቤቱ እንዲያምርለት ነው የፈለገው። ስለዚህ ቡናው ላይ ያልነገርኩትን ለእሱም፣ እንደ እሱ ሆቴልና ላውንጅ ለምትከፍቱ፣ እንስሳት ሕክምና ለምትማሩ፣ እንግዳ ይዛችሁ ስሜን ለምትወጡ ልጆቼም ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውጣ።

ወጣት ሳለሁ ለደስታ በሽታ ክትባት ደባርቅና ጃናሞራ በእግርም በበቅሎም ዞሬያለሁ። (የከብቱን በሽታ ማለቴ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፤ በፈረንጅ 2011 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ግን እኔም በእውነት ደስ ብሎኛል።) በአንዱ መንደር በሬውን ያከምኩለት ገበሬ ልሰናበተው ስል በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር አሸከመኝ። ስፈታው የዋሊያ ቀንድ ነው። ጥንድ፣ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ከክንዴ የሚረዝም። ከየት አመጣኸው አላልኩም። እሱም አልነገረኝ።

ሳሎን ውስጥ ከሬዲዮው በላይ ሰቀልኩት። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ኖረ። መጀመሪያ ሰው ሲጠይቀኝ "ከስሜን የመጣ ስጦታ ነው" እል ነበር። ቀስ በቀስ "ስጦታ" የምትለዋ ቃል ቀረች። ጠጅ በተጠጣበት ቀን ደግሞ ገደሉ ተጨመረ፣ ጭጋጉ ተጨመረ፣ ጎህ ሲቀድ የተሰማው የድንጋይ ኮሽታ ተጨመረ። ተኩሼ ጣልኩት ብዬ ዋሽቼ አላውቅም። ሰዎች ግን እንደዚያ ብለው ሲያምኑ አላረምኳቸውም። ባለቤቴ ቡና እየቀዳች ቀና ብላ ታየኝና ዝም ትላለች።

አንድ ቀን ከደባርቅ አንድ ስካውት ለዓይን ሕክምና ጎንደር መጡና እኛ ቤት አረፉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ፓርኩን የጠበቁ ሰው ናቸው። ራት ሳይቀርብ ቀንዱን አዩት። "ላውርደው?" አሉ። አወረዱት። የሚታከሙት ዓይናቸውን ስለሆነ በአውራ ጣታቸው ነበር የሚያነቡት። ከፊት ያለውን ትልልቅ ጉብታ ትተው ጎንና ጎኑን ዳሰሱ። ብዙ ሰው ጉብታውን ቆጥሮ ዕድሜውን ያወቀ ይመስለዋል። ዓመቱ ያለው ግን በጎን በኩል ቀንዱን በሚዞረው ቀጭን ስንጥቅ ላይ ነው፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ይጨመራል። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ።

"ዘጠኝ። አውራ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ማን ጣለው ዶክተር?"

ባለቤቴ አለች። ልጆቼ አሉ። "አላውቅም ጋሼ" አልኩ።

"ገደል በልቶት ነው ወይስ ጥይት?"

"እሱንም አላውቅም።"

"እንግዲያ ምስክር የለውም" አሉ። አልተቆጡም። ቀንዱን በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለሱት። እንጀራው ሲቀርብ ግን ከነበሩበት ወንበር ተነሥተው ግድግዳውን ጀርባ ሰጥተው ተቀመጡ።

በሳምንቱ ቀንዱን ወስጄ ለፓርኩ ሰዎች አስረከብኩ። እንዴት እጄ እንደገባ በጽሑፍ ስጥ ተባልኩ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። አሥራ አንድ ዓመት ስተርክለት የኖርኩት ነገር!

"ምስክር" የምትለው ቃል ግን ከአእምሮዬ አልወጣችም፤ አባቴም ይላት ነበርና። በእነሱ ጊዜ አንበሳ ገደልኩ፣ ጎሽ ጣልኩ የሚል ሰው ዝም ብሎ አይፎክርም። መጀመሪያ ደም ያፈሰሰው ማን እንደሆነ ያየ ሰው ያስፈልጋል። "ዘራፍ!" ብሎ የሚነሣው አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ነው። ከዋሸ እዚያው ያዋርዱታል። ጎፈሩን ራሱ ላይ ያሰረ ሰው ታሪኩንም አብሮ ተሸክሞ ይዞራል፤ የትኛው ቆላ፣ በየትኛው ጦር፣ ከማን ጋር፣ ስንት ከብት ከበላ በኋላ።

ይህን ስል የድሮውን አሳምሬ ልሸጥላችሁ አይደለም። ለስም ሲባል ብዙ አራዊት አልቋል። የጭላዳ አውራ ጎፈሩ ለጌጥ ስለሚፈለግ ብቻ ተገድሏል። ይህች ከተማ ስትቆረቆር አፄ ፋሲል ለአደን ወጥተው ጎሽ ተከትለው ነው ቦታውን ያገኙት ተብሎ ይተረካል። ዛሬ ጎንደር ዙሪያ የሚከተሉት ጎሽ የለም። ግንቡ ግቢ ውስጥ ባዶውን የቆመውን የአንበሳ ቤት ቱሪስት ፎቶ ያነሣዋል። አባቶቻችን ትክክል ነበሩ አልልም። ግን የገዳይነትን ስም በገንዘብ አይገዙም ነበር። ነብር ገዝቶ የሚያቆም ሆቴል የሚገዛው ይህንኑ ስም ነው፤ ያውም ያለ ምስክር።

አሁን ወደ ፈረንጁ አደን ልምጣ፤ ወጣቶች ስትከራከሩበት እሰማለሁና። በእኛ አገር ሕግ ስፖርታዊ አደን ይባላል። በፈረንጅ 2015 ዚምባብዌ ውስጥ ሴሲል የተባለ አንበሳ በአንድ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ተገደለ። ሰውየው ወደ 50,000 ዶላር ከፍሏል ተብሏል። አንበሳው ተመራማሪዎች አንገቱ ላይ መከታተያ ያሰሩለት ስለነበር እያንዳንዱ እርምጃው ተመዝግቧል። ዓለም ጮኸ። እኔ ግን ጩኸቱን እየሰማሁ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ ይህ አንበሳ ምስክር ስለነበረው ነው የተጮኸለት። ምስክር ለሌላቸው ማን ጮኸ?

እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ አውራ አንበሳ ሲገደል ነገሩ በእሱ አያበቃም። ቦታውን የሚይዘው አዲስ ወንድ ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ግልገሎች ይገድላል፤ እናቶቹ ቶሎ ለእሱ እንዲደርሱለት። ስለዚህ ወጣት አውራ የመታ ሰው የቆጠረው አንድ ሬሳ ነው፤ ከበስተጀርባው ያሉትን አያያቸውም። ሞዛምቢክ ውስጥ ኒያሳ በተባለው ክልል ከስድስት ዓመት በታች ያለ አንበሳ እንዳይታደን የተደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜው በምን ይታወቃል ብትሉ፣ አንዱ ምልክት አፍንጫው ነው። የግልገል አፍንጫ ፈካ ያለ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር እየጠቆረ ይሄዳል። ግን ጣቱ ቃታ ላይ የሆነ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ነገ የሆነ ሰው አፍንጫ እስኪያይ ይታገሣል? እጠራጠራለሁ።

ይህን ብዬ "አደን ሁሉ ይከልከል" ካልኩ ግን ዋሸኋችሁ። ኬንያ በፈረንጅ 1977 አደንን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። አራዊቷ ግን መመናመኑን አላቆመም። መሬቱ ሲታረስ፣ አጥሩ ሲበዛ፣ ከብቱ ሲጨምር እንስሳው ያለ ጥይትም ያልቃል። ቦትስዋና በፈረንጅ 2014 ከልክላ በ2019 መልሳ ፈቀደች። በፓኪስታን ተራሮች ማርክሆር የሚባል፣ ቀንዱ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ የዱር ፍየል አለ። በዓመት በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌ ወንዶች ለአዳኝ በውድ ይሸጣሉ፤ የገንዘቡ አብዛኛው ለተራራው ነዋሪ ይሰጣል። ነዋሪውም ፍየሉን ይጠብቃል። ቁጥሩም ጨምሯል። ይህን ስሰማ የጃናሞራው ገበሬ ትዝ ይለኛል። ዋሊያ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል? የገብስ ማሳው ከፓርኩ ድንበር ላይ ነው። ቱሪስቱ በመኪና አልፎት ይሄዳል። በሬውን ሳክምለት በእጁ የነበረው ነገር ያ ቀንድ ብቻ ነበር።

በእኛም አገር በፈቃድ የሚታደን አለ። ከባሌና ከአርሲ በኩል ለደጋ አጋዘን ሲሉ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው የሚመጡ አሉ። ሁሉም ነገር በወረቀት ነው፤ ቦታው፣ ኮታው፣ ዋጋው። እኔ ደጋ አጋዘን ገድዬ ጭንቅላቱን ቤቴ ልስቀል አልልም፤ ነፍሴም አይፈቅደውም። ያ ወረቀት እውነተኛ ከሆነና የቦታው ሰው ገንዘቡን በእጁ ካየው ግን አዳኙን ነፍሰ ገዳይ ብዬ አልሰድብም። በየፋሲካው በግ የማርድ ሰው ነኝ። በተሰበረ እግሩ የሚጮህን ፈረስ በመርፌ አሳርፌያለሁ። እጄ ንጹሕ ነው ብዬ የምፈርድበት ቦታ የለኝም።

ዋሊያ ግን ሌላ ነው። ከስሜን በስተቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ሌላ ተራራ የለም። ጣሊያን በያዘን ጊዜ ጠመንጃ በየቦታው ሲበተን ክፉኛ አለቀ። ፓርኩ በፈረንጅ 1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ለመግባቱ አንዱ ምክንያት የዋሊያው ቁጥር ማነስ ነበር። እንግዲህ ከእንደዚህ ዓይነት መንጋ ተቀንሶ ነው ለሆቴልህ "ጭንቅላት" የሚመጣው። ሕጉንም ላስታውስህ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 መግደልን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ያለ ፈቃድ ቆዳና ቀንድ መያዝና መነገድም ያስጠይቃል። "እኔ አልገደልኩትም፣ ገዝቼው ነው" ማለት አያወጣህም።

"ታዲያ ሙዚየሞቹስ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በፈረንጅ 1830ዎቹ መጀመሪያ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ጎንደር ተቀምጦ ስሜንን ዞሯል። ዋሊያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀ እሱ ነው። ናሙናዎቹን ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ። ያስቆጨኛል፣ አልደብቅም። የእኛ ልጆች እነዚያን ለማየት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ግን የሙዚየም ናሙና አንድ ነገር አለው፤ እግሩ ላይ የታሰረች ወረቀት። የት፣ መቼ፣ ማን አመጣው። ስካውቱ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የገባችሁ ታውቃላችሁ፤ ልጅ እዚያ ቆሞ ሲማር ማየት ደስ ይላል።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፣ እናንተም ይህን መሥራት ትችላላችሁ። አዘዞ መንገድ ላይ መኪና የገጨው ጅብ ስታገኙ የሚመለከተውን ክፍል አስፈቅዳችሁ አጥንቱን አጽዱና ገጣጥሙት። ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። አንድ ጥንቃቄ ግን፤ ዕድሜ የጠገበ የተሞላ እንስሳ በባዶ እጅ አትንኩ። ድሮ ነፍሳት እንዳይበሉት ቆዳውን በአርሴኒክ ያሹት ነበር። መርዙ እስከ ዛሬ ጸጉሩ ላይ ይኖራል። ጓንት አድርጉ፣ አቧራውን በአፋችሁ አታራግፉ። የልጆች መጫወቻ ክፍል ውስጥ የተሞላ አውሬ አቁመው ያየኋቸው ቤቶች አሉ፤ ያስደነግጣል።

ደግሞ ይህን ስሙ። በፈረንጅ 2016 ቋራ፣ አልጣሽ ፓርክ ውስጥ ተመራማሪዎች ራሱ የሚያነሣ ካሜራ ዛፍ ላይ አስረው አንበሳ በፎቶ ያዙ። ዓለም እዚያ አንበሳ መኖሩን እርግጠኛ አልነበረም። በመይሳው ካሳ አገር፣ በሌሊት፣ ማንም ሳይፎክርበት የሚሄድ አንበሳ! ያችን ዜና ሳነብ ሳሎኔ ተቀምጬ ነበር። ቀንዱ የነበረበት ቦታ ከቀሪው ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ባለቤቴ ካላንደር ሰቅላበታለች።

ትናንት ለልጁ ደወልኩለት። ይህን ሁሉ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ታዲያ ምን ላድርግበት ዶክተር? ግድግዳው እኮ ስድስት ሜትር ነው" አለ።

"ደባርቅ ውጣ። ጎህ ሲቀድ ከስካውት ጋር ቁም። ካሜራ የሚችል ልጅ ይዘህ ሂድ፣ ፎቶውን በትልቁ አሳትም፤ ከሥሩ ቀኑንና የስካውቱን ስም ጻፍ።"

"ፎቶ ርካሽ አይመስልም?"

"ሦስት ሰዓት ብርድ ላይ ቆመህ ካየኸው በኋላ ንገረኝ።"

ሳቀ። አስብበታለሁ አለ። ዛሬ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ወደ ውስጥ አየሁ። ግድግዳው ባዶ ነው። ነብሩን ይሸከሙለታል ብሎ ያስመታቸው ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ግን እስካሁን አልተነቀሉም።