ከጨዋታው ትኬት በፊት ወረቀት ተጠያየቁ

ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ዋልያዎቹ አገር ቤት ብቁ የሚባል ስታዲየም ካጡ ወዲህ «የሜዳችን» የምንለው ጨዋታ ራሱ በሰው አገር ሆኗል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረቱት ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። በኅዳር 2016 ሴራሊዮንንና ቡርኪና ፋሶን ያስተናገዱት ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ፤ በመጋቢት 2017 ግብፅን የገጠሙት ደግሞ ካዛብላንካ። ሞሮኮ ለአውሮፓ ነዋሪ ቅርብ ስለሆነች «እንሂድ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የሚጠፋው «ለመሆኑ አንተ በምን ወረቀት ነው የምትወጣው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ይሉኝታችን ነው ችግሩ። የጓደኛን ወረቀት መጠየቅ ገመና መክፈት ይመስለናል፤ ባለቤቱም «እኔ እቀራለሁ» ለማለት ያፍራል። ስድስት ሆናችሁ ከተነሳችሁ አንዱ የውጭ ዜግነት፣ አንዱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር፣ አንዱ ሰማያዊውን የስደተኛ ትራቭል ዶክመንት፣ አንዱ ደግሞ ፈቃዱ እድሳት ላይ ያለ ይሆናል። ስለዚህ ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ በግልጽ ተነጋገሩ፦ ሰነዱ ምንድን ነው፣ መቼ ያበቃል፣ ከወጣህ በኋላ ያለ ጭንቀት ትመለሳለህ ወይ? ሦስተኛው ከመግቢያ ቪዛው ይበልጣል። መግባት የተከለከለ ሰው ቢከፋ ገንዘቡን ነው የሚያጣው፤ መመለስ ያቃተው ግን ሥራውንና ቤቱን።

ጀርመን ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ። ካርዱ እየታደሰ ሳለ የሚሰጠው ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ ሁሉም አንድ አይደለም። ውስጡ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉ። የጀርመን የመኖሪያ ሕግ የአንቀጽ 81 ንዑስ 4 ሳጥን ላይ ምልክት ካለ የቀድሞው ፈቃድ እንደቀጠለ ስለሚቆጠር ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ በንዑስ 3 የተሰጠ ከሆነ ግን መውጣቱን ትችላላችሁ፣ መመለሻው አይሠራም። ባለ 81/4ም ቢሆን ያለፈበትን ካርድና ፓስፖርቱን አብሮ ይያዝ፤ ውጭ አገር ያለ የአየር መንገድ ሠራተኛ ያቺን ወረቀት አይቷት ላያውቅ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ የቪዛ ማራዘሚያ ማመልከቻችሁ መልስ ሳያገኝ ከወጣችሁ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። አሜሪካ ደግሞ የአሳይለም ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ያለ አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ ቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ንቅንቅ አይበል፤ አሳይለም ያገኘውም ከመውጣቱ በፊት ለትራቭል ዶክመንት ማመልከት አለበት። ሰነዱ የሚቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ የስድስት ወር ቀሪ ጊዜ የሚጠይቅ አገር ሲመጣ ግማሹ ዕድሜው አይጠቅምም ማለት ነው። ሳዑዲ ያላችሁ የመውጫና መመለሻ ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አትቁረጡ።

የመንገዱም ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፍራንክፈርት ወይም ፓሪስ ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ፣ ከኤርፖርቱ ሳይወጣ እንኳ፣ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ወይም የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ነፃ ነው፤ የገልፍ አገር ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ብቻ የያዘ ግን አይደለም። ከዱባይ ወደ ካዛብላንካ ቀጥታ በረራ እያለ በአውሮፓ የሚዞር ርካሽ ትኬት መግዛት ትርፉ መንገላታት ነው። ጨዋታው ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ማላዊ በኩል ሲሆን ርካሹ መንገድ ብዙ ጊዜ በቦሌ ነው። የስደተኛ ሰነዱ ላይ «ከኢትዮጵያ በስተቀር» የተጻፈበት ሰው ያንን መንገድ ይተወው፤ በረራ ተሰርዞ ወደ ሆቴል ውጡ ቢባል ምን ያደርጋል? በቦሌ የሚያልፉት ሌሎቹም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዙ፤ ክትባቱ ዕድሜ ልክ ቢያገለግልም የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ለሞሮኮ የአውሮፓና የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በርካታ ወራት የቀረው የሼንገን፣ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ካለው በኢንተርኔት ያመልክት። ባለ ትራቭል ዶክመንቱ በቀጥታ ቆንስላውን ይጠይቅ፣ ለዚያም ጊዜ ይስጥ።

ፊፋ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ የሚደረግባቸውን ሳምንታት ከዓመታት በፊት ስለሚያወጣ ከሥራ የምትወስዱትን ዕረፍት ቀድማችሁ ጠይቁ። ከተማው፣ ስታዲየሙና ሰዓቱ ግን ጨዋታው ሲቃረብ ይቀያየራሉ። የአውሮፕላን ትኬቱን ቦታው በካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ወይም በፌዴሬሽኑ ሲረጋገጥ ግዙ፤ ቀድማችሁ ከገዛችሁ ቀን የሚቀየርበትን ይሁን። ሆቴሉም ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። በገለልተኛ ሜዳ ለሚደረግ ጨዋታ የስታዲየም መግቢያው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይሸጣል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ እዚያ ያለውን ኤምባሲያችንን ወይም ኮሚኒቲውን ቀድማችሁ አግኙ። ግብፅ ድረስ ከሄዳችሁ ግን ታዝከርቲ በሚባለው የትኬት መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በፓስፖርት ተመዝግቦ የደጋፊ መታወቂያ ማውጣት ግድ ነው።

መዋጮውን አንድ ገንዘብ ያዥ ይሰብስብ። የሚመለስና የማይመለስ ገንዘብ ከመጀመሪያው ይለይ፤ «ከዚህ ቀን በኋላ የቀረ ሰው የሆቴል ድርሻው አይመለስም» የሚለውን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጽፋችሁ ሁሉም «እሺ» ይበልበት። በቃል የተባለ ነገር ከጉዞው በኋላ ያቃቅራል።

ካዛብላንካ ላይ ቀዩ ፔቲ ታክሲ ከሦስት ሰው በላይ አይጭንም፣ ከከተማም አይወጣም። አራት ከሆናችሁ ሁለት መኪና ነው፤ ቆጣሪው ሲነሳ እዩ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በግማሽ ይጨምራል። ኤል ጃዲዳ ከካዛብላንካ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቀን በባቡር መሄድ ይቻላል፤ የማታ ጨዋታ ሲያልቅ ግን ባቡር እንደሚጠብቃችሁ አታስቡ። ወይ እዚያው እደሩ፣ ወይ ስድስት ሰው የሚይዘውን ግራንድ ታክሲ ደርሶ መልስ ተዋዋሉ፤ ሒሳቡንም ግማሹን ስትደርሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ሙሉውን የተቀበለ ሹፌር እስከ እኩለ ሌሊት ላይጠብቅ ይችላል።

ሰንደቅ ዓላማውን ያለ እንጨት ያዙ፤ ዱላና ብረት በር ላይ ይቀራል። ኮከብ ይኑረው አይኑረው የሚለውን ክርክር እዚያ ለመፍታት አትሞክሩ፣ ሁሉም የያዘውን ያውለብልብ። በጥር 2005 ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ስንጫወት በረኛችን በቀይ ሲወጣ ከደጋፊው ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ተወርውሮ ጨዋታው ቆሟል፤ እንዲህ ያለ ነገር ፌዴሬሽኑን ለቅጣት ይዳርጋል። ድሮን ይዞ የሚመጣ ጓደኛ ካለ ቤቱ ያስቀምጠው፤ የሞሮኮ ጉምሩክ ይይዘዋል።

ድርሃም የሚመነዘረው እዚያው ነው፤ ይዞ መውጣት የሚፈቀደውም 2,000 ብቻ ነው። የመነዘራችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ የተረፈውን ኤርፖርት ላይ ወደ ዩሮ ስትመልሱ ይጠይቋችኋል።