አንድ ጥያቄ ብቻ ከተፈቀደልህ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ዕድሜዬ 17 ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ለመጨረስ አንድ ዓመት ይቀረኛል። በሰፈር ቡድን የግራ መስመር አጥቂ ነኝ። የምደግፈው ክለብ ተጫዋቾች ከደጋፊዎች ጋር ተገናኝተው ስለ ልምምዳቸውና ስለ ሙያቸው ሊያወያዩን ነው፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ተብሏል። ምን ብጠይቅ ይሻለኛል? ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮዬን ባሳያቸውስ? እናቴ ትምህርትህን ጨርስ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ኳስ ላይ ብቻ ማተኮር እፈልጋለሁ። ተጫዋቾቹ ትክክል ነህ ካሉኝ እሷም እሺ የምትለኝ ይመስለኛል።»

መልስ

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ልነሳ። እንደገባኝ ከሆነ ውሳኔህን ጨርሰሃል፤ የቀረህ የሚያጸድቅልህ ታዋቂ ሰው ነው። እሱን ከፈለግህ ደግሞ ያለ ጥርጥር ታገኘዋለህ። ደጋፊ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ወጣት ተነስቶ «ሁሉን ትቼ ኳስ ላይ ላተኩር?» ቢለው፣ ማይክሮፎን የያዘ ተጫዋች «በርታ፣ ሕልምህን አትተው» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ስትጫወት አላየህም። ጉልበትህን አያውቅም፣ የትምህርት ውጤትህንም አያውቅም። ይበረታታ ብሎ በቅንነት የተናገረውን ቃል ቤት ወስደህ እናትህ ላይ ማስረጃ ብታደርገው ለእሱም ለእሷም ደግ አልሠራህም።

ሌላም ነገር አለ። መድረኩ ላይ የምታያቸው የተሳካላቸውን ብቻ ነው። በ16 ዓመታቸው አብረዋቸው የሮጡት፣ ምናልባትም ያኔ ይበልጧቸው የነበሩት፣ እዚያ የሉም። የተሳካለትን ሰው «እንዴት ተሳካልህ?» ብለህ ብትጠይቀው «ጠንክሬ ሠርቼ» ይልሃል፤ አልዋሸም። ግን ያልተሳካላቸውም ጠንክረው ሠርተው ነበር። ስለዚህ ከዚህ መልስ ለራስህ የሚሆን ነገር አይወጣም።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን አንዷን ጥያቄዬን እንዲህ አድርጌ እጠይቃለሁ፦ «በ16 ዓመትህ በታዳጊ ቡድን አብረውህ ከነበሩት መካከል ዛሬ ከኳስ የሚኖሩት ስንት ናቸው? የቀሩትስ በምን ምክንያት ቀሩ?» አዳራሹ ትንሽ ዝም ይል ይሆናል። ግድ የለም። ተጫዋቹ በልቡ ስም እየጠራ መቁጠር ሲጀምር የምትሰማው ነገር ከማንኛውም የማበረታቻ ንግግር በላይ ይጠቅምሃል።

ምክንያቶቹ ሲዘረዘሩ በጥሞና ስማ። አንዱ ጉልበቱ ተጎዳ ይልሃል። ሌላውን አዲስ የመጣ አሰልጣኝ አልፈለገውም። ሌላው ሰውነቱ ዘግይቶ አደገ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በታዳጊ ቡድኖች ውስጥ ምዝገባው በሚቆጠርበት ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ቁጥር ከሚገባው በላይ እንደሚበዛ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በአንድ ምድብ ከተመዘገቡ ሁለት ልጆች አንዱ ሌላውን አሥርና አሥራ አንድ ወር ሊበልጠው ይችላል፤ በ12 ዓመት ዕድሜ ይህ ልዩነት በቁመትም በፍጥነትም ይታያል። መልማዩ ችሎታ ያየ መስሎት ዕድሜ ይመርጣል። አንተም ከዚህ በፊት ተሞክረህ «ትንሽ ነህ» ተብለህ ከነበረ ያ ፍርድ ስለ እግርህ ላይሆን ይችላል።

አንትዋን ግሪዝማን በአጭርነቱ ምክንያት የፈረንሳይ ክለቦች አንቀበልህም ካሉት በኋላ ነው ወደ ስፔኑ ሪያል ሶሴዳድ የሄደው። ኤንጎሎ ካንቴም በተመሳሳይ ምክንያት ታልፎ በታችኛው ሊግ ሲጫወት ቆይቷል፤ በጎን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ይማር ነበር። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫን አነሱ። ጄሚ ቫርዲን የእንግሊዙ ክለብ ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አሰናበተው፤ በፋብሪካ እየሠራ በዝቅተኛ ሊጎች ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌስተር ገባ፣ በ2016 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። እነዚህን ታሪኮች እንደምታውቃቸው እገምታለሁ፤ እንዳንተ ያሉ ወጣቶች በየደብዳቤያቸው ይጠቅሷቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ቫርዲ ፋብሪካውን፣ ካንቴም ትምህርቱን ከኳስ ጋር አብረው መያዛቸው ነው። «ሁሉን ትቼ» የሚለው የእነሱ ታሪክ አይደለም።

ወደ ልምምዱ ልሂድ፤ የትምህርት ጉዳይህም የሚፈታው እዚሁ ላይ ነው። ደጋፊዎች አዘውትረው የሚጠይቁት «በቀን ስንት ሰዓት ትለማመዳላችሁ?» ነው። መልሱ ያስገርምህ ይሆናል፤ ሜዳ ላይ ያለው የቡድን ልምምድ በአብዛኛው ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ሳምንቱ እኩል አይደለም፦ ከጨዋታ በኋላ ያለው ቀን ማገገሚያ ነው፣ ከባዱ ሥራ መሐል ሳምንት ላይ ይወድቃል፣ ጨዋታው ሲቃረብ ደግሞ ጫናው ይቀንሳል። የተቀረው ጊዜ ጂም፣ የቪዲዮ ትንታኔ፣ ምግብ፣ እሽት፣ እንቅልፍ ነው።

እንግዲህ አስላው። ከትምህርት ቤት ወጥተህ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት አገኘህ እንበል። በምን ትሞላዋለህ? ባለሙያዎቹ እንኳ ሰውነታቸው የማይችለውን ሰዓት ያንተ ሰውነት፣ ያለ ሐኪምና ያለ አሠልጣኝ ክትትል፣ አይችለውም። ከሞከርክ ጉዳት ነው። ካልሞከርክ ደግሞ ስልክህን ይዘህ የሌሎችን ጎል ስታይ ትውላለህ። ትምህርት ኳስህን እየነጠቀብህ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?

ሰዓቱን ማብዛቱን ትተህ ያለህን ሰዓት ማሻሻል ትችላለህ። የመስመር አጥቂ ነህ፤ ሥራህ ተደጋጋሚ አጭር ሩጫ ነው። በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወት ሰው በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይሸፍናል፤ ኳሷ እግሩ ሥር የምትቆየው ግን በጠቅላላው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ከኳስ ውጭ ስለሚያደርጉት ነገር ሲያወሩ ጆሮህን ስጥ፦ መቼ እንደሚሮጡ፣ የተከላካዩን ትከሻ እንዴት እንደሚያነቡ፣ ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያ እርምጃቸው ወዴት እንደሆነ። የድሪብሉን ነገር እንኳ ሜዳ ላይ አይተኸዋል።

ሯጭ አጥቂን የሚያስቀምጠው ደግሞ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ነው፤ በፕሮፌሽናል እግር ኳስ ውስጥ ከጡንቻ ጉዳቶች ሁሉ አዘውትሮ የሚያጋጥመው እሱ ነው። ፊፋ ያስተዋወቀው «ኢለቨን ፕላስ» የሚባል የማሟሟቂያ ሥርዓት አለ። ሦስት ክፍልና 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ከኳስ በቀር ይህ ነው የሚባል መሣሪያ አይጠይቅም። አዘውትረው የሠሩት ቡድኖች ላይ ጉዳት በግልጽ መቀነሱ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የሰፈር ቡድናችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሜዳ ዞሮ ወደ ጨዋታ የሚገባ ከሆነ (አብዛኛው እንደዚያ ነው) ይህን አንተ ልታስጀምራቸው ትችላለህ። እንቅልፍንም አትናቅ፤ በአንተ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል።

ስለ ገንዘቡ አልጠየቅከኝም፤ በሙያ ምክር ግን ሳይነሳ አይታለፍም። ዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት በ54 አገሮች ወደ 14,000 የሚጠጉ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ጠይቆ ነበር። ከ45 በመቶ የሚበልጡት ወርሃዊ ገቢያቸው ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በታች ነበር። 41 በመቶዎቹ ባለፉት ሁለት የውድድር ዘመናት ደመወዛቸው ዘግይቶባቸዋል። አማካይ የውል ርዝመት ሁለት ዓመት አይሞላም። ልብ በል፣ እነዚህ ያልተሳካላቸው አይደሉም፤ ፊርማ ያላቸው፣ መለያ ላይ ስማቸው የተጻፈ ባለሙያዎች ናቸው። በቴሌቪዥን የምታያቸው ከዚህ ክምር አናት ላይ ያሉትን ነው። ኳስን ሙያ ማድረግ ማለት በየሁለት ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ማለት ሊሆን ይችላል፣ እሱም 35 ዓመት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሌላ የሥራ ዕድሜ ሙሉው ይጠብቅሃል።

ለዚያ የተዘጋጁ አሉ። የብራዚሉ ሶቅራጥስ እየተጫወተ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫም የአገሩ አምበል ነበር። ጆርጆ ኬሊኒ ለዩቬንቱስ እየተከላከለ እ.ኤ.አ. በ2017 በቱሪን ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። እናትህ የምትጠይቅህ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ አንድ ዓመት።

ሐሳቤ የሚለወጥበት አንድ ሁኔታ አለ። ክለብ በጽሑፍ «እንፈልግሃለን» ብሎ ከጠራህ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው፤ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ የመጀመሪያው ጥያቄያችንም ትምህርቱን እንዴት ያመቻቹልሃል የሚል ይሆናል። «ውጭ አገር ወስጄ አስፈርምሃለሁ፣ ግን መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ ግን ወዲያውኑ ራቅ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዘዋወር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ክልክል ነው። ወኪል ለመሆን ፊፋ የሚሰጠውን ፈተና አልፎ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ዝርዝር ለሁሉም ክፍት ነው። ያንተን ዕድሜ ልጅ ደግሞ የወላጅን የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዝ ሊቀርብ አይችልም። እናትህን አልፎ አንተን በስልክ የሚያባብል «ወኪል» በዚህ ብቻ ይታወቃል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ተጫዋችና ደጋፊ የሚሰበሰብበትን ቦታ ይወዳሉ፤ በዚያ ቀንም ቢሆን ነቃ በል።

ቪዲዮውን በተመለከተ፦ አታሳይ። ተጫዋች ተጫዋች አይመለምልም። ሰልፍ ከኋላህ እየጠበቀ ስልክህን ቢቀበልህ ለትህትና ሲል ነው። ደግሞም ምርጥ ምርጡን ብቻ የለቀምክበት የሁለት ደቂቃ ክሊፕ የሚመለምለውን ሰው አያሳምንም፤ እሱ ኳስ ሲነጠቅህ ምን እንደምታደርግ ማየት ይፈልጋል። ሙሉ ጨዋታ አስቀርጽና አስቀምጥ። ከዚያ በዝግጅቱ ቀን ዓይንህን ከመድረኩ ላይ አንሳና በዳር የቆሙትን ተመልከት። የክለቡ ወጌሻ፣ የአካል ብቃት አሠልጣኙ፣ የቪዲዮ ተንታኙ፣ የታዳጊ ቡድኑ ኃላፊ ከመጡ ማንም አይከባቸውም፤ ጊዜ አላቸው። ለታዳጊ ቡድኑ ሰው «ሙከራ መቼና እንዴት ነው የምታካሂዱት፣ በእኔ ዕድሜ ትቀበላላችሁ ወይ?» በለው። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፣ ለዓመትህ ዕቅድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስታወራ ሥራቸውንም ጠይቃቸው። ዩሊያን ናግልስማን በጉዳት ምክንያት በ20 ዓመቱ መጫወት አቆመ፤ የስፖርት ሳይንስ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በ28 ዓመቱ የጀርመኑ ክለብ የሆፈንሃይም ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ለመጫወት የተከፈተው በር ሲዘጋ ሌላው በር የተከፈተለት ሜዳውን ያነበበበት መንገድ ከእግሩ ጋር አብሮ ስላልቆመ ነው። አንተ አሁን ይህን እንድትመርጥ አልገፋህም። 17 ዓመትህ ነው፣ ተጫዋች መሆን ነው የምትፈልገው፣ ሞክር። ግን በአንድ ክለብ ውስጥ ከ11ዱ ቋሚዎች ውጭ ስንት ሰው ደመወዝ እንደሚበላ በዓይንህ የምታይበት ቀን ነውና አትለፈው። አብዛኛዎቹ እነዚህ ሥራዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለቀበት ወረቀት ይጠይቃሉ።

ተራው ሳይደርስህ ቀርቶ ጥያቄህን ሳትጠይቅ ብትወጣ አትበሳጭ። ክለቡ ቢሮ ሄደህ ወይም ለታዳጊ ቡድኑ ክፍል ጽፈህ ያቺኑ የሙከራ ጥያቄ አቅርብ፤ ስምህን፣ የትውልድ ዓመትና ወርህን፣ የምትጫወትበትን ቦታና የሰፈር አሠልጣኝህን ስልክ ጨምርበት። ከአምስት መስመር አትርዘመው። ከተቻለ እናትህንም ወደ ዝግጅቱ ይዘሃት ሂድ፤ ተጫዋቾቹ ስለ ቀሩት ጓደኞቻቸው የሚሉትን አንተ ቤት ደርሰህ ከምትተርክላት ራሷ ብትሰማው ይሻላል።