ሐር መሳይ ክር፣ የራስ ዲዛይንና ቀሚስ የሆነው ሹራብ

የሹራብ ጥያቄ ላኩልኝ ባልኩ ማግስት መልእክቱ ጎረፈ። ስለ ሱፍ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የያዘው ያንን እንደ ሐር የሚያብለጨልጨውን፣ ግን ከዕፅዋት የሚሠራውን ክር ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

«የቀርከሃ ሐር» ብለው ክር ሸጡልኝ። ቀርከሃ ነው ወይስ ሐር? ተሸውጄ ይሆን?

ሐር እንኳን አይደለም፤ ሐር ከትል ነው የሚገኘው። ቀርከሃው መነሻው ላይ ሊኖር ይችላል። ግን ተፈጭቶ በኮስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ይሟሟል፤ ከዚያ በቀጫጭን ቀዳዳዎች አልፎ አሲድ ውስጥ ሲገባ ክር ሆኖ ይወጣል። ይህ ቪስኮስ፣ በሌላ ስሙ ሬዮን ነው። ከጥድ ቢሠራም ያው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ዋልማርትንና ኮልስን ሬዮንን «ቀርከሃ» እያላችሁ ሸጣችኋል ብሎ ከሷቸው፣ በድምሩ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም።

መለየት ከፈለግሽ ቁራጭ ክር በመቆንጠጫ ይዘሽ ሲንክ ላይ ለኩሺው። ወረቀት ወረቀት ከሸተተና ሲነኩት የሚበን አመድ ከሆነ ከዕፅዋት ነው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሐር ወይም ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ከሠራ ግን የገዛሽው ፕላስቲክ ነው፤ ያኔ ሂጂና ገንዘብሽን አስመልሺ።

ራሴ ዲዛይን ያደረግኩት ሹራብ ስጨርሰው ልኬ ነበር። ሁለቴ ለበስኩትና ቀሚስ ሆነ! (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሳቅሁ፤ ይቅርታ። ግን የክሩ ጠባይ ነው። ሱፍ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲስቡት ይለጠጥና ይመለሳል። ቪስኮስ፣ ጥጥና ሊነን ይህ የላቸውም፤ የተሳበው ተስቦ ይቀራል። በዚያ ላይ ክሩ ከሱፍ ይከብዳል፤ ሹራቡ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል።

ይህን ቀድሞ የሚነግርሽ ናሙናው ነው። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ሥሪ። እጠቢው፣ አድርቂው። ከዚያ ሰቅለሽ ታችኛውን ጠርዝ በልብስ መቆንጠጫዎች አክብደሽ አሳድሪው። የምትለኪው ከዚህ በኋላ ነው። ለምሳሌ ከመርፌው እንደወረደ 30 ረድፍ 10 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ተሰቅሎ ሲያድር 11 ሆነ እንበል። 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ፈልገሽ በመጀመሪያው ልኬት ብትሄጂ 150 ረድፍ ትሠሪያለሽ፤ ስትለብሺው 55 ይሆናል። በሁለተኛው ልኬት 136 ረድፍ ይበቃል።

ትከሻውንና ጎኑን ደግሞ ስፊው። ስፌት ክብደት ይሸከማል፤ ያለ ስፌት ከአንገት ወደ ታች የሚወርድ ዲዛይን በዚህ ክር አልመክርም። ሹራቡን አጥፈሽ እንጂ ሰቅለሽ አታስቀምጪ። ስታጥቢም አትጭመቂው፤ ቪስኮስ ሲረጥብ ይደክማል (ጥጥ ተቃራኒው ነው)። በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚውና አንጥፈሽ አድርቂው።

የእናቴን ቀሚስ ጥለት ከሒሳብ ደብተር ላይ ገልብጬ ሹራብ ላይ ሠራሁት። መስቀሉ ተጨፈለቀ። ወንድ ነኝ፣ አትሳቁብኝ።

ማን ይስቃል? ሸማኔዎቻችን ወንዶች አይደሉ እንዴ?

የደብተሩ ካሬ አራቱም ጎኑ እኩል ነው፤ የሹራብ ዓይን (አንዷ የክር ቀለበት) ግን አይደለም። ከቁመቱ ወርዱ ይበልጣል። ናሙናህ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 22 ዓይንና 30 ረድፍ ከያዘ፣ ደብተሩ ላይ 22 በ22 የሣልከው መስቀል ወርዱ 10፣ ቁመቱ 7.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይወጣል። ቁመቱን ወደ 30 ረድፍ አሳድገውና እንደገና ሣለው። ደብተሩ ላይ ቀጫጫና ረጅም ይመስላል፤ አትደንግጥ፣ ሹራቡ ላይ ይስተካከላል። መሃሉ ላይ አንድ መስመር እንዲወርድልህ ደግሞ ዓይኖቹን ጎዶሎ ቁጥር አድርጋቸው፤ 21 ወይም 23።

ሁለት ቀለም በአንዴ እያፈራረቁ መሥራቱን ግን በዚህ ክር ባትሞክረው ይሻላል። ከጀርባ የሚሻገረው ክር ስለሚያሟልጭ ይላላል፣ ስትለብሰው ጣትህ ይይዘዋል። እኔ ብሆን ነጩን ሠርቼ ጨርሼ ጥለቱን የዓይኖቹን መንገድ እየተከተልኩ በመርፌ ከላይ እጠልፈዋለሁ። ቀዩንና አረንጓዴውን ግን አስቀድመህ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሻቸው። ቀለም ከለቀቁ ነጩን ያበላሹብሃል።

ዓይኖቹ ከመርፌው ላይ እየሾለኩ አስቸገሩኝ።

የብረቱን ትተሽ የእንጨት መርፌ ያዢ። አለቀ።

የቋጠርኩት ጫፍ ሁልጊዜ ይፈታል።

አትቋጥሪ። 15 ሴንቲ ሜትር አስተርፊና ክሩን ለሁለት ሰንጥቀሽ ግማሹን ወደ ቀኝ፣ ግማሹን ወደ ግራ በመርፌ ሸጉጪው። እንደ ሱፍ አርጥቦና አሽቶ ማያያዝ እዚህ አይሠራም።

አክስቴ ከጉራጌ ቃጫ ልካልኛለች። እሱም ከዕፅዋት ነውና ሹራብ ይወጣዋል?

ለሰውነት? ኧረ በፍጹም፣ ሲያሳክክሽ ይውላል። እርግጥ ቃጫው የሚወጣበት እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። በጃፓን ኦኪናዋ የሙዝ ዘመድ የሆነ ተክል አሰሩን በአመድ ውሃ ቀቅለው እያለሰለሱ ስስ የበጋ ጨርቅ ይሸምኑበታል። የእኛ ቃጫ ግን ተፍቆ የሚወጣ፣ ለገመድና ለጆንያ የሚሆን ብርቱ አሰር ነው። ለገበያ ቦርሳ ተወዳዳሪ የለውም። ወፍራም ኪሮሽ ያዢ፣ ቃጫውን በትንሹ አርጥቢው፣ እጀታውን ድርብ አድርጊ።